ከሐዲዱ ማዶ ቦታ አለ?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1995 ጠዋት፣ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ፎክስ ሪቨር ግሮቭ በምትባል ከተማ፣ አንድ የተማሪዎች አውቶቡስ የባቡር ሐዲድ ተሻግሮ ቀይ መብራት ያዘውና ቆመ። ፊቱ ተሻግሯል፤ ኋላው ግን አንድ ሜትር ያህል በባቡሩ መንገድ ላይ ቀርቷል። የዕለቱ ሾፌር በሌላ ሾፌር ምትክ የገባች ነበረች። ፈጣኑ ባቡር መጥቶ የአውቶቡሱን ጀርባ መታው። ሰባት ተማሪዎች ሞቱ።

እዚህ ከባቡር ጋር የተሽቀዳደመ ሰው የለም። ከመብራቱ እስከ ሐዲዱ ያለው ቦታ ለአውቶቡሱ አልበቃም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ባቡር መጣ አልመጣ ከማለት በፊት የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ከሐዲዱ ማዶ መኪናዬን የሚይዝ ባዶ ቦታ አለ? ከሌለ፣ ከኋላ ያለው ጥሩምባውን እስኪሰለቸው ቢነፋም አይገባም።

ባቡር ደግሞ እንደ መኪና አይቆምም። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዝ የጭነት ባቡር ፍሬን ከተያዘ በኋላ 1.6 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሄድ ይችላል። አካሉም ከሐዲዱ ወደ ጎን ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። በአሜሪካ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ከመጀመሪያው ሐዲድ ቢያንስ 4 ሜትር ተኩል ርቆ መቆም ግዴታ የሆነው ለዚህ ነው። መብራት በሌለበት ደግሞ ነጩ የመስቀል ምልክት ቅድሚያው የባቡሩ ነው ይላል። ሐዲዱ ሁለት ከሆነ፣ ያለፈው ባቡር የሚመጣውን ይጋርዳል።

በዚያ አገር ከባድ መኪና ይዘው የሚውሉ ኢትዮጵያውያን ሕጉ ይበልጥ ይጠብቅባቸዋል። ሰው የጫነ አውቶቡስና አደገኛ ዕቃ የጫነ መኪና፣ ከጥቂት ማቋረጫዎች በቀር፣ ባቡር ባይኖርም ቆሞ፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ አዳምጦ ነው የሚያልፈው፤ ሐዲዱ ላይ ማርሽ መቀየርም ክልክል ነው። የማቋረጫ ሕግ የጣሰ የሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ሾፌር በመጀመሪያው ጥፋት ቢያንስ 60 ቀን ከሥራው ይታገዳል። በሦስት ዓመት ውስጥ ከደገመ 120 ቀን፣ ከሠለሰ አንድ ዓመት።

ሐዲዱ ላይ ሳላችሁ የማቋረጫው ማገጃ ከኋላ ቢወርድስ? እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2015 ምሽት፣ ኒው ዮርክ ግዛት ቫልሃላ ውስጥ ማገጃ የወረደባት አንዲት አሽከርካሪ ወርዳ መኪናዋን ተመለከተች፤ ተመልሳ ገብታ ወደፊት ስትነዳ ባቡሩ ደረሰ። እርሷና አምስት ተሳፋሪዎች ሞቱ። ማገጃው እኮ ሲገፋ እንዲሰበር ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሰብሮ መውጣት ይቻላል።

መኪናው እንቢ ካለ ሁሉም ሰው ወዲያው ይውረድ። ባቡር እየመጣ ከሆነ ከሐዲዱ እየራቁ፣ ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በሰያፍ መሮጥ ነው፤ ስብርባሪው የሚወረወረው ባቡሩ ወደሚሄድበት ነውና። ከዚያ በአሜሪካ ማቋረጫው አጠገብ ያለውን ትንሽ ሰማያዊ ሰሌዳ ፈልጉ፦ የባቡር ድርጅቱ ስልክና የማቋረጫው መለያ ቁጥር እዚያው ተጽፏል።