የመሪ ዘንግ ሲለወጥ፦ የአንድ ዙር ስሕተት ምን ያህል ነው?



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በየጋራዡ ዘወትር የሚሠራ ሥራ ነው፤ ይኸውም ያረጀ የመሪ ዘንግ ጫፍን መለወጥ ነው። ታይ ሮድ የምንለው ይህ ዘንግ የመሪውን ማርሽ ከፊት ጎማ ጋር ያገናኛል። በጫፉ ያለውን ባለ ኳስ መጋጠሚያ መካኒኮቻችን ቴስቲኒ ይሉታል። መጋጠሚያው ተነቅሎ ከወጣ ጎማው ከአሽከርካሪው ቁጥጥር ውጭ ይሆናልና፣ ልል ሆኖ ሲገኝ ለነገ የሚባል አይደለም።

መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጽኑ መደገፊያ ላይ ካረፈና ጎማው ከወለቀ በኋላ፣ በቅድሚያ በዘንጉ ላይ ያለው መቆለፊያ ዳዶ ይላላል። ቀጥሎ የቴስቲኒው ዳዶ ይፈታል። የቴስቲኒው እግር ሾጣጣ ነው፤ በሾጣጣ ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ የሚይዘው ሰበቃ ነው። ስለዚህ ዳዶው ቢፈታም እግሩ በቀላሉ አይለቅም፤ በማውጫ መሣሪያ መገፋት አለበት። አዲሱ ሲታሰር ዳዶው አምራቹ በወሰነው ኃይል ይጠብቃል። በሽቦ በሚቆለፈው ዓይነት ቀዳዳው ከዳዶው ስንጥቅ ጋር ካልገጠመ፣ ዳዶውን ጥቂት ማጥበቅ እንጂ ወደ ኋላ ማላላት አይገባም።

አሮጌው የተፈታበትን ዙር ቆጥሮ አዲሱን በዚያው ልክ ማስገባት የተለመደ ነው። መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን በቂ ነውን? እናስላው። በሁለት የብሎን ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ጎማውን የሚያዞረው ክንድ ርዝመት ደግሞ 150 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የአንድ ዙር ስሕተት 1.5 ለ150 ሲካፈል 0.01 ራዲያን፣ ማለትም 0.57 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ስሕተቱን እኩል ይካፈሉታል፤ እያንዳንዱም በ1 ኪሎ ሜትር ጉዞ 5 ሜትር ያህል በጎን የመፋተግ ያህል ይጎዳል። ጎማው ያለ ጊዜው ያልቃል፤ መሪውም መሃሉን ይስታል።

በዚህ ላይ የአዲሱ ዕቃ ርዝመት ከአሮጌው በጥቂቱ ሊለይ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን በትክክል የተቆጠረ ዙር እንኳ የተሳሳተ ማዕዘን ይሰጣል። እንግዲህ ቆጠራው የሚያገለግለው መኪናውን በዝግታ እስከ ጎማ አሰላለፍ መለኪያ ለማድረስ ነው። ሥራው ተፈጸመ የሚባለው ማዕዘኑ ተለክቶ፣ መቆለፊያው ዳዶ በመጨረሻ ሲጠብቅ ነው።