ወደ ኋላ የሚፈስን ኤሌክትሪክ የሚያግደው

ጎንደር ላይ መብራት ሲጠፋ የስልክ ኔትወርክ አብሮ አይጠፋም። በኔትወርክ ማማው ሥር ያሉት ባትሪዎች ሥራውን ይረከባሉ። መብራት ሲመጣ ደግሞ ሬክቲፋየሮች 220 ቮልቱን ወደ ዲሲ ለውጠው መሣሪያዎቹን ያንቀሳቅሳሉ፤ ባትሪዎቹንም ይሞላሉ። ሥርዓቱ የ48 ቮልት ይባል እንጂ ባትሪ በሚሞላበት ሰዓት ቮልቴጁ 54 አካባቢ ነው።

ሬክቲፋየሩ አንድ ወጥ ሣጥን ሳይሆን ጎን ለጎን የተሰኩ ሞጁሎች ስብስብ ነው። አንዱ ሲበላሽ ቴክኒሻኑ መቆለፊያውን ፈትቶ እንደ መሳቢያ ጎትቶ ያወጣዋል፤ አዲሱን ይሰካል፤ አረንጓዴው መብራት ይበራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማማው ሥራ ላይ ነው። ከደባርቅ አልፎ ወደ ስሜን ተራሮች መለዋወጫ ይዞ ለሚወጣ ባለሙያ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

ግን አዲስ የሚሰካው ሞጁል ባዶ ነው። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሞጁሉ እንደተሰካ ሞጁሎቹ ሁሉ ከሚጋሩት የመውጫ መስመር ኤሌክትሪክ ወደ ራሳቸው ይስባሉ። መገናኛው ላይ ብልጭታ ይነሣል፤ የመስመሩም ቮልቴጅ ለቅጽበት ይወርዳል። የባሰው ግን አንዱ ሞጁል በውስጡ ሾርት ሲያደርግ ነው። ያን ጊዜ ባትሪዎቹና ጤነኞቹ ሞጁሎች ያላቸውን ኃይል በሙሉ ወደ በሽተኛው ይለቁበታል። አንድ ዕቃ ተበላሽቶ ማማው በሙሉ ይዘጋል ማለት ነው።

መፍትሔው በየሞጁሉ መውጫ ላይ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ማስገባት ነው። የፀሐይ ፓነል ባላቸው የገጠር ቤቶችም ባትሪው ሌሊት ወደ ፓነሉ እንዳይፈስ የሚደረገው በዚሁ ዘዴ ነው። ዳዮድ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ግማሽ ቮልት ቢያስቀር እንኳ በ50 አምፔር 25 ዋት ሙቀት ይሆናል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደባርቅ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠረፍ አንጻር ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ፣ የማቀዝቀዣው ፋን ሙቀቱን ጠርጎ የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል። የደጋው ብርድ በከፊል ያካክሰዋል።

ስለዚህ በዳዮዱ ቦታ ሞስፌት የሚባል፣ በትእዛዝ የሚከፈትና የሚዘጋ የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያ ይገባል። የ2 ሚሊኦም ሞስፌት በዚያው 50 አምፔር የሚያሞቀው 5 ዋት ብቻ ነው። ችግሩ፣ ሞስፌት ከተከፈተ በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል። በመሆኑም አንድ መቆጣጠሪያ ቺፕ በሁለቱ ጫፎቹ ያለውን ቮልቴጅ ያለማቋረጥ ያነጻጽራል፤ የመውጫው በለጠ ማለት ፍሰቱ ሊገለበጥ ነውና ከአንድ ማይክሮሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይዘጋዋል። ሞስፌት ሲዘጋም በተፈጥሮው ያለው የውስጥ ዳዮድ በአንድ በኩል ክፍት ነው። ስለዚህ ፍሰቱን በሁለቱም አቅጣጫ ማገድ ሲፈለግ ሁለት ሞስፌቶች ጀርባ ለጀርባ ይያያዛሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ የዚህ አጋጅ አበላሸት ነው። አጋጁ ራሱ ሾርት ቢሆን ምንም ምልክት አይታይም፤ ኤሌክትሪኩ እንደ ወትሮው ወደ ፊት ያልፋል፣ ኔትወርኩም ይሠራል። ጉዳቱ የሚታወቀው ሌላ ብልሽት ሲደርብበት ነው። ስለዚህ በጥገና ጊዜ ሞጁሎቹን ተራ በተራ ማጥፋት ያስፈልጋል፦ ከአጋጁ በስተውስጥ ያለው ቮልቴጅ ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ መውረድ ሲገባው 54 ላይ ከቆመ፣ ያ ሞጁል ቢሠራም መቀየር አለበት።