የመከላከያ ሕዋሳት ሳንባን ሲጎዱ፦ ስለ ሴፕሲስ ማወቅ የሚገባን

ኮቪድ-19 ከሚይዛቸው ሰዎች አብዛኞቹ ቀላል ወይም መካከለኛ ሕመም ታመው ያገግማሉ። በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ግን ምልክቱ ከታየ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ የትንፋሽ ማጠር ይከሰትና ሁኔታው በፍጥነት ይባባሳል። በዚህ ደረጃ ሳንባን የሚጎዳው ቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ ሰውነትን ሊጠብቁ የተሰማሩ ሕዋሳትም ጭምር ናቸው።

ሴፕሲስ ምን ማለት ነው?

ሴፕሲስ፣ ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ ሥርዓቱን ስቶ የራሱን የአካል ክፍሎች ሥራ የሚያስተጓጉልበት፣ ለሞት የሚያደርስ የጤና ችግር ነው። መነሻው ኮቪድ-19 ብቻ ሳይሆን የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ በቁስል ወይም በወሊድ ጊዜ የሚገባ ኢንፌክሽንም ሊሆን ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከሴፕሲስ ጋር በተያያዘ ሕይወታቸው እንዳለፈ ይገመታል።

ሕዋሳቱ በጤናማ ሁኔታ እንዴት ይሠራሉ?

ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በአጥንት መቅኒ ውስጥ ተመርተው በደም ይዘዋወራሉ። ኢንፌክሽን ሲከሰት ቀድመው ከሚደርሱት መካከል ናቸው። ተሕዋስያንን ይውጣሉ፤ የሚገድሉ ኬሚካሎችን ይረጫሉ፤ አስፈላጊ ሲሆንም ከራሳቸው ውስጥ መረብ መሰል ክር አውጥተው ተሕዋስያኑን ያጠምዳሉ። ሥራቸውን ሲጨርሱ ይሞታሉ፤ ሌሎች ሕዋሳትም ቅሪታቸውን ያጸዳሉ።

ሥርዓቱ ሲዛባ በሳንባ ላይ ምን ይደርሳል?

በሴፕሲስ ጊዜ የአደጋ ጥሪው ኢንፌክሽኑ ካለበት ቦታ አልፎ በመላው የደም ዝውውር ይሰራጫል። ኒውትሮፊሎቹም ወዴት መሄድ እንዳለባቸው የመለየት ችሎታቸው ይዳከማል። ቀድሞ በቀላሉ ይተጣጠፍ የነበረው አካላቸውም ይገትራል። የሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ብዙዎቹ ከአንድ ኒውትሮፊል የጠበቡ በመሆናቸው፣ የገተሩት ሕዋሳት በዚያ ተሰንቅረው ይቀራሉ።

ለተሕዋስያን የተዘጋጀው ኬሚካል በዚህን ጊዜ በጤናማው የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይፈስሳል። መረቦቹም ደም እንዲረጋ ያደርጋሉ። የተጎዳው ግድግዳ ፈሳሽ ስለሚያሳልፍ የሳንባ የአየር ከረጢቶች በውኃ ይሞላሉ፤ ኦክስጅንም ወደ ደም መግባት ይሳነዋል። በሌላ በኩል ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በብዛት ስለሚሞቱ፣ ታማሚው ለተጨማሪ ኢንፌክሽን ይጋለጣል።

መድኃኒት በራስ ውሳኔ መውሰድ ለምን ይጎዳል?

ዴክሳሜታዞን ከልክ ያለፈውን የሰውነት ምላሽ የሚያበርድ መድኃኒት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተካሄደ ሰፊ ጥናት፣ በመተንፈሻ መሣሪያ በሚታገዙ የኮቪድ-19 ሕሙማን ላይ ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ በሚሰጣቸው ላይ ደግሞ በአንድ አምስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ሕሙማን ግን ጥቅም አልተገኘበትም። ሰውነት ቫይረሱን በአግባቡ እየተዋጋ ባለበት ጊዜ መድኃኒቱን መውሰድ ተዋጊውን ማዳከም ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን የስኳር መጠንም ይጨምራል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መውሰድ አይገባም። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ቫይረስን አይገድልም፤ ሴፕሲሱ በባክቴሪያ የመጣ ከሆነ ግን ሐኪም በፍጥነት ሊያስጀምረው ይገባል።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

• የትንፋሽ መፍጠን ወይም ማጠር
• ግራ መጋባት፣ የንግግር መዛባት ወይም ከእንቅልፍ ለመንቃት መቸገር
• የከንፈር ወይም የምላስ ቀለም ወደ ሰማያዊነት ወይም ግራጫነት መለወጥ
• የሽንት መጠን በጣም መቀነስ
• የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ ከፍተኛ ድካም
• በሕፃናት ላይ ጡት ወይም ምግብ አለመቀበል

ከእነዚህ አንዱ ከታየ ትኩሳት ባይኖርም እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። የተዛባው ምላሽ በሰዓታት ውስጥ ሊባባስ ስለሚችል፣ ኦክስጅንና ተገቢው ሕክምና ቀድሞ መጀመሩ ሕይወትን ያተርፋል። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት እንዲሁም የስኳር፣ የኩላሊትና የልብ ሕሙማን ይበልጥ ተጋላጭ በመሆናቸው ቤተሰብ በቅርብ ሊከታተላቸው ይገባል።

ሴፕሲስን መከላከል የሚጀምረው ኢንፌክሽንን ከመከላከል ነው። ስለሆነም ክትባትዎን ይውሰዱ፤ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ማስክ ያድርጉ፤ ቁስልን በንጽሕና ይያዙ።