ምዕራፍ 5፦ ርካሽ ቤት ስንት ያስወጣል?

ሥራ ይዞ፣ ቤተሰብ መሥርቶ ወደ ትምህርት የሚመለስ ሰው አስቀድሞ የሚያሰላው የትምህርት ክፍያውን ነው። የቤት ኪራይ ድሮም የነበረ ወጪ ስለሆነ ከትምህርቱ ጋር አያይዞ አያየውም። ዶርም ውስጥ ለሚያድር ወጣት ቤተ መጻሕፍቱም ምግቡም ቅርቡ ናቸው። የማታ ተማሪ ግን ከክፍል ወጥቶ ከተማውን አቋርጦ መግባት አለበት። ስለዚህ የት እንደሚኖር መወሰን፣ እንዴት እንደሚማር መወሰንም ነው።

ኪራዩ ላይ የሚደመሩ ወጪዎች

ከአዲስ አበባ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቀን ሜክሲኮ አካባቢ እየሠራ፣ ማታ ስድስት ኪሎ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚማር ሰው ሁለት አማራጭ አለው። አንዱ ሽሮ ሜዳ ያለ ሰርቪስ ክፍል ነው፤ ሌላው ኮዬ ፈጬ ያለ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ። ሰፋፊዎቹ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የተገነቡት በከተማዋ ዳርቻ ስለሆነ፣ እዚያ ባነሰ ኪራይ የተሻለ ቤት ማግኘት ይቻላል።

ለስሌት እንዲመች የቅርቡ 9,000፣ የሩቁ 5,500 ብር ነው እንበል። ልዩነቱ 3,500 ብር ነው። ሰውየው በወር 24 ቀን ይመላለሳል። ከሩቁ ሰፈር በቀን 60 ብር ተጨማሪ ትራንስፖርት ካወጣ 1,440 ብር ይሆናል። ክፍል ባለበት ምሽት ቤት ደርሶ ማብሰል ስለማይሆንለት 15 ጊዜ በ120 ብር እራት ውጭ ቢበላ ደግሞ 1,800 ብር ይጨመራል። ሁለቱ ሲደመሩ 3,240 ብር ናቸው። ያተረፈው 260 ብር ብቻ ነው ማለት ነው።

በቀን ሁለት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያሳልፍ ከሆነ ደግሞ በወር 48 ሰዓት ይሄድበታል፤ ስድስት ሙሉ የሥራ ቀን ነው። በዚህ ስሌት አንዱን ሰዓት ከስድስት ብር ባነሰ ዋጋ ሸጦታል። የራስዎን ቁጥሮች እያስገቡ ይህንኑ ስሌት ይሥሩ፤ ውጤቱ ሊለይ ይችላል፣ መንገዱ ግን ያው ነው።

የቅርቡ ቤትም ዕዳ አለው

ከግቢው ጀርባ ያለች ሰርቪስ ክፍል ከባለቤቶቹ ጋር ቆጣሪ የምትጋራ ከሆነ ምድጃ መጠቀም ሊከለከል ይችላል። እስከ እኩለ ሌሊት መብራት አብርቶ ማንበብም ያጨቃጭቃል። የግቢው በር ሦስት ሰዓት ላይ የሚቆለፍ ከሆነ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከክፍል የሚወጣ ሰው በየምሽቱ ይሳቀቃል። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቀን ቤት ስለማይውሉ ማን እንደሚቀዳልዎት ያስቡ።

ስለዚህ ቤቱን ቀን ከደላላ ጋር አይተው ብቻ አይወስኑ። ከክፍል በሚወጡበት ሰዓት፣ በሚሳፈሩበት ታክሲ ሄደው ይዩት። የሰልፉን ርዝመት፣ የመንገዱን መብራት፣ የጎረቤቱን ድምፅ የሚያውቁት ያኔ ነው። አከራዮቹንም የማታ ተማሪ መሆንዎን አስቀድመው ይንገሯቸው።

ልጆች ላሉት

ልጆች ካሉ ሒሳቡ ይለወጣል። የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የምትረዳ አያት፣ የለመዱት ጎረቤት ዳርቻ ካሉ፣ ለአንድ ሰው ዲግሪ ቤተሰቡን ሁሉ መንቀል ተገቢ ላይሆን ይችላል። ያኔ የሚቀየረው የትምህርቱ አደረጃጀት ነው። የቅዳሜና እሁድ መርሐ ግብር ካለ ከሥራ በኋላ ያለውን ምልልስ ያስቀራል። የማታው ግድ ከሆነም በፈተና ሰሞን ከክፍል ጓደኛ ጋር ደባል ሆኖ ጥቂት ማደር፣ ወይም ንባብን ቤተ መጻሕፍት ጨርሶ መግባት ይቻላል። ይህ ሁሉ ከባለቤትዎ ጋር ከምዝገባ በፊት የሚመከርበት ነው፤ ልጆቹን የሚያስተኛው ሰው በውሳኔው ድርሻ ሊኖረው ይገባል።

ከመፈረምዎ በፊት

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ሁለተኛ ዲግሪም ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ስለሚወስድ ይህ ለጎልማሳ ተማሪ ትልቅ ዋስትና ነው። መመረቂያ ጽሑፍ በሚጨረስበት ወቅት ዕቃ ጠቅልሎ ቤት ፍለጋ መዞር የሚያመጣውን ጉዳት ያየ ያውቀዋል። ውልዎን ያስመዝግቡ።

ለቤት ጥቂት መቶ ብር መጨመር ከልጆች አፍ መንጠቅ መስሎ የሚከብዳቸው ወላጆች ብዙ ናቸው። ስሜቱ ክቡር ነው፤ ሒሳቡ ግን እዚያ አያበቃም። በድካም የወደቁበት ኮርስ እንደገና ይከፈልበታል፣ ምረቃውም ይዘገያል። እንዲያነቡና እንዲያርፉ የሚያስችልዎት ቤት አቅምዎ የሚፈቅደው ከሆነ፣ ኪራዩን ከትምህርቱ ወጪ ጋር ደምረው ያለ ጸጸት ይክፈሉት።