ባቡር ተሳፍረው ስካንዲኔቪያን የዞሩት ባልና ሚስት፣ እና አንድ ያበጠ እግር

 

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ሁለት ታካሚዎቼ ነው። ታሪካቸውን እንዳካፍላችሁ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸው ግን ይቆየን። ጋሼ 71 ዓመታቸው ነው፣ የደም ግፊት አለባቸው። እትዬ 66 ናቸው፣ ለስኳር ኢንሱሊን ይወጋሉ። ስቶክሆልም ያለች ልጃቸው ጋበዘቻቸውና በሰኔ ሄዱ። «ከመጣን አይቀር ሳንቸኩል በባቡር እንዙር» ተባባሉ። ከስቶክሆልም ኮፐንሃገን፣ ከዚያ ጎተንበርግ፣ ኦስሎ፣ መጨረሻ በርገን።

ከመሄዳቸው በፊት እኔ ጋ መጥተው ነበር። ብዙ ነገር ተነጋገርን። ከሁሉም በላይ አደራ ያልኳቸው «ከ4 ሰዓት በላይ ስትቀመጡ እግራችሁን አትርሱ» የሚለውን ነው።

ጉዞው እንዴት ነበር? ጋሼ ሲያወሩት ልጅ ይሆናሉ። ከስቶክሆልም ኮፐንሃገን 5 ሰዓት ገደማ ነው። ማልሞን ካለፉ በኋላ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2000 የተከፈተውን የኦረሰንድ ድልድይ ይይዛል። 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር ላይ ይሄድና ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ደርሶ፣ ከባሕሩ ሥር በዋሻ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይገባል። «ከመስኮቱ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ» ይላሉ።

ችግሩም እዚያው ነው። ጋሼ መስኮቱን ትተው አልተነሱም። ሽንት ቤት መመላለስ ሰልችቷቸው ሽንት የሚያበዛውን የግፊት ኪኒን በጉዞ ቀን መተው ጀመሩ፤ ውኃም ቀነሱ። (ባቡሩ ውስጥ ሽንት ቤት አለ እኮ!) ወደ ጎተንበርግም፣ ወደ ኦስሎም እንደዚያው።

ኦስሎ በገቡ ማግስት ግራ እግራቸው አበጠ። «ኪኒኑን ስለተውኩ ነው፣ ዛሬ እውጠዋለሁ» አሉ። እትዬ ግን ሁለቱንም ባት ጎን ለጎን አዩና «ኪኒን ቢሆን ሁለቱም ያብጥ ነበር። ያበጠው አንዱ ነው፣ ይሞቃልም። ዶክተሩ ምን ነበር ያለን?» አሏቸው። ጋሼ የበርገን ትኬት ይቃጠላል ብለው ትንሽ አንገራገሩ። እትዬ አልሰሟቸውም፤ ልጃቸው ጋ ደውለው አስቸኳይ ክሊኒክ ወሰዷቸው። አልትራሳውንድ ተነሡ። የደም መርጋት!

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰዓት ስንቀመጥ የባት ጡንቻ አይሠራም፣ ደም ወደ ልብ የሚመለሰው በዝግታ ነው። በአውሮፕላንም፣ በባቡርም፣ በባሕር ዳር አውቶቡስም ያው ነው። ዕድሜ ሲጨመር አደጋው ይጨምራል። የረጋው ደም ከእግር ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ጋሼ ዳኑ። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኪኒን ተጀመረላቸው፣ ኦስሎ አንድ ሳምንት አረፉ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ በርገን ሄዱ። 7 ሰዓት ገደማ ነው። መስመሩ ፊንሰ ጣቢያ ላይ 1,222 ሜትር ይደርሳል። በሰኔም በረዶ ያያሉ፤ ግን ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከፍታው አላስቸገራቸውም። በዚህኛው ጉዞ ጋሼ በየሰዓቱ እየተነሡ ኮሪደሩን ሲመላለሱ የባቡሩ ሰው ሁሉ አወቃቸው አሉ።

እናት አባታችሁን ለጉዞ ስታዘጋጁ እነዚህን ያዙ፦

1. በየአንድ ሰዓቱ ተነሥቶ መራመድ። መነሣት ካልተቻለ ተረከዝና ጣትን እያፈራረቁ ማንሳት። በመተላለፊያው በኩል ያለ ወንበር ይመረጣል።

2. መድኃኒት በራስ አለመተው። ሽንት የሚያስቸግር ከሆነ የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪም ጋር ማስተካከል ይቻላል። አስፒሪንም በራስ ውሳኔ አይጀመርም።

3. ኢንሱሊንና ኪኒን በእጅ ሻንጣ። አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ኢንሱሊን ሊቀዘቅዝና ሊበላሽ ይችላል። ከነካርቶኑ፣ ከነማዘዣው ይያዝ።

4. እንቅልፍ። በሰኔ ስቶክሆልም ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ የምትወጣው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የዓይን መሸፈኛ ይዘው ይሂዱ።

5. ጫማ። የድሮዎቹ ሰፈሮች ኮብልስቶን ናቸው። ስኳር ያለበት ሰው ማታ ማታ እግሩን ይፈትሽ፤ ቁስል ላይሰማው ይችላል።

6. ኢንሹራንስ። የሸንገን ቪዛ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ይጠይቃል። ነባር ሕመምን ይሸፍን እንደሆነ ከመፈረም በፊት አንብቡ።

7. ስልክ። በስዊድንና በዴንማርክ አምቡላንስ 112 ነው፤ በኖርዌይ 113።

አደራ! አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ካመመ ወይም ከሞቀ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ አምቡላንስ ጥሩ። ጉዞው ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል «ቤት ገብተናል» ብላችሁ አትዘናጉ።

ባለፈው ለክትትል ሲመጡ ጋሼን «ከሁሉም የቱን ወደዱት?» አልኳቸው። ድልድዩን ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ወደ እትዬ ዞር አሉና፣ «እሷ እግሬን ያየችበትን ጠዋት» አሉኝ።

ወላጆቹን ለጉዞ የሚያዘጋጅ ሰው ካወቃችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም ጉዞ፣ ጤናችሁ ይብዛ!