ውጤት ስታዩ «503» ካላችሁ አትደንግጡ

የ12ኛ ክፍል ውጤት የተለቀቀ ቀን ነው እንበል። ላስታ ውስጥ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ የወጣ ተማሪ ስልኩ «503» ቢለው፣ ወደቅኩ ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ቁጥሩ ግን ስለ ውጤቱ ምንም አላለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ ሰው የሚገባበት ድረ ገጽ ከጀርባው ብዙ ሰርቨር ሊኖረው ይችላል። ፊት ቆሞ ጥያቄውን የሚያከፋፍልላቸው ሎድ ባላንሰር ይባላል፤ እኛ የመነኸሪያ ተራ አስከባሪ እንለዋለን (ያለ ጩኸት)። ሰርቨሮቹ በቁጥር ይመልሱለታል፦ 200 ተሳክቷል፣ 404 የጠየቅከው ገጽ የለም፣ 503 አሁን አልችልም።

ኮዱን ራሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ፣ 503 ሲመጣ ጥያቄውን ለሌላ ሰርቨር ስጡ። በ404 ግን ሰርቨሩን ከሰልፍ አታስወጡ፤ እሱ ጤነኛ ነው። ከሁሉ የሚከፋው «ዳታቤዝ አልተገኘም» የሚል ገጽ በ200 ጠቅልሎ የሚልከው ነው። ባላንሰሩ ቁጥር ብቻ ካየ ደህና ይመስለዋል። ጥያቄ ያነሰበትን ሰርቨር የሚመርጥ ከሆነ ደግሞ ባሰ፦ የተበላሸው ቶሎ ቶሎ ስለሚመልስ ሁሌም ባዶ ይመስላል፣ ሰዉ ሁሉ ወደሱ ይነዳል። ስለዚህ ኮዱ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የመልሱን ይዘትም ይፈትሽ።

ጉብታው ላይ ያለኸው ወንድማችን፣ ሪፍሬሽ ማብዛት ሰርቨሩ ላይ ጭነት መጨመር ነው። ትንሽ ቆይተህ ሞክር፤ ባለፉት ዓመታት በ6284 አጭር መልእክትም ውጤት ይታይ ነበር።