«ይንጋ ወይስ አሁን እንሂድ?»

እህል በረንዳ በአዲስ አበባ መርካቶ ስልክ የማያርፍበት ሰፈር ነው። የአዳው ጤፍ፣ የጎጃሙ ከደጀንና ከቢቸና፣ ስንዴው ከአርሲና ከባሌ ገና መኪና ላይ ሳይጫን ዋጋው እዚህ በስልክ ይቆረጣል። ነጋዴው ግን ጆንያው ተበስቶ እህሉን መዳፉ ላይ ሳያየው ብር አይቆጥርም። የጤና ምክር የሚሰጡ የስልክ መስመሮችም እንደዚሁ ናቸው፤ በስልክ የሚያልቅ ጉዳይ አለ፣ በእጅ ካልተዳሰሰ የማያልቅም አለ። ለቤተሰብ የሚጠቅመው ሁለቱን ፈጥኖ የሚለይ መስመር ነው።

አገራችን ለነገሩ እንግዳ አይደለችም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ «ወገን» የተባለው የኤድስ የምክር መስመር በ952 ሥራ ጀመረ። ጥሪው ነፃ ነበር፣ ደዋዩም ስሙን አይጠየቅም ነበር። ያኔ ስለ ኤች አይ ቪ ለመጠየቅ ጤና ጣቢያ በር ላይ መታየት ብቻውን ለሐሜት ይበቃ ነበር። ለጎረቤት ቀርቶ ለንስሐ አባት የከበደው ጥያቄ ፊቱ ለማይታይ ሰው ተነገረ። በእኔ ግምት የመስመሩ ትልቁ ስጦታ ከመረጃው ይልቅ ይህ አለመታየት ነው። በጎኑም «ፍቱን» የሚባል ለጤና ባለሙያዎች ብቻ የተከፈተ መስመር ነበር፤ ሐኪምም የሚጠይቀው ሐኪም ይሻላ!

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር 8335 በየሰዉ አፍ ገባ። መስመሩ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ የመርካቶ ሰው ግቢውን «ፓስተር» እያለ ያውቀዋል። በዚያ ሰሞን ለማንም ብንደውል ከጥሪው ድምፅ ይልቅ እጃችሁን ታጠቡ የሚል መልእክት ይቀድመን እንደነበር የማያስታውስ የለም። ገንዘብ ከፍሎ ሐኪም ማነጋገር ለሚሻም «ሄሎ ዶክተር» በ8896 አለ።

እንዲህ ያለ መስመር እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ሌሊት ትኩሳት የያዘውን ሕፃን እናስብ። አማካሪው ልጁን አያየውም፣ አይዳስሰውም፤ ዓይኑም እጁም እናቲቱ ናት። ስለዚህ የሠለጠነ አማካሪ «ምን ሆነ?» ብሎ ብቻ አይተዋትም። ጡት መጥባት ወይም መጠጣት አቅቶታል? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል? አንቀጥቅጦታል? ፈዝዟል ወይስ አልነቃ ብሏል? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ከተባለ ወሬው እዚያው ይቆማል፤ ልጁ አሁኑኑ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል።

ሳል ካለው ደግሞ ትንፋሹ ይቆጠራል። ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱ ከፍ ተደርጎ፣ ደረቱ ወይም ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ ማየት ነው። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ያስጠረጥራል። ጤና ጣቢያ ውስጥም የሚቆጠረው በዚሁ ልክ ነው። ሰዓት ያለው ስልክ የያዘች እናት፣ በማዶ የሚያረጋጋት ሰው ካገኘች፣ ይህን መቁጠር አያቅታትም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። አባት ከመጋዘን ይደውላል፣ ልጁ እቤት ነው፣ አባት የሰማውን ለእናት፣ እናት ያየችውን ለአባት ታቀብላለች። ስልኩ ልጁን ለታቀፈው ሰው ካልተሰጠ ምክሩ በመንገድ ይጎድላል።

የእህል በረንዳ የራሱ አደጋም አለ። ነቀዝ ለመከላከል መጋዘን ውስጥ የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል መርዛም ጋዝ ያወጣል። ማርከሻ የለውም። በዚያ መጋዘን ያደረ ዘበኛ ራሱን ቢያዞረው፣ ቢያስመልሰው፣ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ከስልኩ የሚፈለገው አጭር ትእዛዝ ነው፤ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ ወተት ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ፣ እንክብሉ የመጣበትን ዕቃ ስም ለሐኪሙ ንገሩ፣ ሂዱ። እዚህ ላይ ረጅም ምክር ጉዳት ነው።

ሌላው ዓለም ምን አየ? እንግሊዝ በ1998 እ.ኤ.አ. ነርሶች የሚመልሱት «ኤንኤችኤስ ዳይሬክት» የተባለ መስመር ከፈተች። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ጥናት የድንገተኛ ክፍሉንና የአምቡላንሱን ሥራ አልቀነሰም አለ። በሌላ በኩል ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ቢያንስ ግማሹ ጥሪ በምክር ብቻ እንደሚያልቅ አሳይቷል። ሁለቱ አይጣሉም፤ ሆስፒታሉ እንደ ቀድሞው ተጨናንቆ ሳለ የተጨነቀች አንዲት እናት ግን ልትተኛ ትችላለች። ማላዊ በ2011 እ.ኤ.አ. በባላካ ወረዳ ለእናቶችና ለሕፃናት የጀመረችው የስልክ ጤና ጣቢያ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል፤ ለነፍሰ ጡሯ ክትትሏን በመልእክት ያስታውሳታል።

የእኛ ችግር «ሂዱ» ከተባለ በኋላ ይጀምራል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የከተማዋ እሳትና አደጋ 939 አሉ። ነገር ግን መኪና በመኪና ላይ ቆሞ ጆንያ በሚወርድበት መንገድ አምቡላንስ እስኪደርስ ሰው ታማሚውን ተሸክሞ ታክሲ ይፈልጋል። መስመሩ የትኛው ጤና ጣቢያ አሁን ክፍት እንደሆነ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል መሄድ የግድ መሆን አለመሆኑን ካልነገረ ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

በስልክ ጨርሶ የማያልቅም አለ። ጫኝና አውራጁ ሳሉን «የእህል አቧራ ነው» ብሎ ይንቀዋል። ከሁለት ሳምንት ላለፈ ሳል ግን ምክር አይበቃም፤ አክታ መመርመር አለበት። ይህን ለመከታተል ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በከተማ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይሻላሉ። ማታ የመለሰው አማካሪ ጉዳዩን ጠዋት ለሰፈሩ ባለሙያ የሚያስተላልፍበት አሠራር ቢኖር፣ እኔ አዲስ አጭር ቁጥር ከመክፈት እሱን አስቀድም ነበር።